ለራስ ሽማግሌ መሆን

ሰው እናቱ ባላስተማረችው ቋንቋ፣ በማያውቁት ሰዎች ፊት፣ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ተብሎ ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ማን ነው? መልሱን ከወር በፊት ጽፎ፣ አርሞ፣ አሳርሞ፣ በቃሉ ይዞት ከሆነስ? ይህን ሰው ዋሸ እንለዋለን ወይስ ተዘጋጀ? ጥያቄው ከፍልስፍና ክፍል የመጣ ይመስላል እንጂ የመጣው ከዶርም ነው። ከሐራ፣ ከመርሳ፣ ከወልድያና ከሀብሩ ገጠር ከወጣነው ልጆች መካከል ወደ ውጭ አገር የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ኤም ቢ ኤ ወደሚሉት ትምህርት፣ ለመግባት የሚያመለክቱ አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። እኛን የቋንቋ ተማሪዎቹን ደግሞ «የእናንተ እንግሊዝኛ ይሻላል» እያሉ መርማሪ ሆነን እንድናለማምዳቸው ይጠሩናል። የገባነው ሰዋስው ለማረም ነበር፤ የገጠመን ግን ሕሊና የሚነካ ነገር ሆነ። እዚህ የምናነሳው እሱኑ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። የታወቁት የንግድ ትምህርት ቤቶች ወረቀት ብቻ አይተው አይቀበሉም። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፤ ቶፍል የሚባለው ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ ነው፣ አይልትስ የሚባለውም አለ። ጂማት የሚባል የሒሳብና የማመዛዘን ፈተናም አለ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ቃለ መጠይቁ የሚመጣው። ሃርቫርድ የሚጠይቀው መርጦ የጠራውን ብቻ ነው፤ ጊዜውም 30 ደቂቃ ነው። ፈረንሳይ አገር ፎንቴንብሎ ላይ ያለው ኢንሲያድ በየአገሩ ባሉ የቀድሞ ተማሪዎቹ በኩል ያስጠይቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥያቄውን በኮምፒዩተር ብቅ አድርገው፣ ጥቂት ሴኮንድ አስብና ለካሜራ ተናገር ይላሉ፤ ከፊት ለፊት ራሱን የሚነቀንቅ ሰው እንኳ የለም። ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ስለ ራስህ ንገረን፤ ለምን ይህን ትምህርት፣ ለምንስ አሁን፤ የመራኸውን ሥራ ንገረን፤ የወደቅህበትን ጊዜ ንገረን፤ ከዚህ ስትወጣ ምን ልትሠራ ነው?

እንግዲህ የመጀመሪያው ችግር እንግሊዝኛ አይመስለንም። እኛ አገር ሰው ስለ ራሱ አይናገርም፤ ይነገርለታል። ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሶ ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው የማን ልጅ እንደሆነ፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ጠባዩ እንዴት እንደሆነ ያስረዳሉ። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ራሱ ሄዶ «እኔ ታታሪ ነኝ፣ ብልህ ነኝ፣ ልጃችሁን ስጡኝ» ቢል በሩ ይዘጋበታል፤ ባይዘጋበትም መሳቂያ ሁኖ ይኖራል። በሬ ሻጩ እንኳ ገበያ ላይ በሬውን በራሱ አፍ ብዙ አያሞግስም፤ ለማሞገሱ ደላላው አለ። ኢንተርቪው ማለት ታዲያ ሙሽራውም፣ ሽማግሌውም፣ ደላላውም፣ ይቅርታ ይደረግልንና በሬውም አንተው ሁን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። «ፉከራስ? ቀረርቶስ? አበሻ ራሱን አያሞግስም ያለው ማን ነው?» ይለናል። እውነቱን ነው። ፎካሪው ተነሥቶ፣ እየዘለለ፣ የገደለውንና የማረከውን ይቆጥራል። ነገር ግን ማን ፊት እንደሚፎክር እንመልከት። የሚፎክረው አብረውት በዘመቱት፣ ሲሸሽም ሲያጠቃም ባዩት፣ ቢዋሽ «ኧረ ተው!» በሚሉት ሰዎች ፊት ነው። ፉከራ ምስክር ያለበት ሙገሳ ነው። እንግሊዝኛው ቃለ መጠይቅ ግን ምስክር የለውም። ጠያቂው ሐራን አያውቃትም፤ ቢፈልጋትም በካርታ ላይ በጭንቅ ነው የሚያገኛት። በእርግጥ የድጋፍ ደብዳቤ የሚባል ነገር አለ፤ እሱም ብዙ ጊዜ አመልካቹ ራሱ አርቅቆ አለቃው የሚፈርምበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ምስክሩም ዳኛውም ተናጋሪው ራሱ ይሆናል። ከባዱ ነገር ይህ ነው። የሚያርምህ ሰው በሌለበት ቦታ እውነቱን የመጠበቁ ሸክም ሁሉ አንተ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ላይ ቋንቋው የራስህ አይደለምና ክብደቱን እጅህ በደንብ አይለካውም።

ለምን አይለካውም? ቃል በተማርንበት ቦታ ክብደት ስለሚኖረው ነው። በአማርኛ «መራሁ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ይህን ቃል ስንሰማ የጦር መሪ፣ የአገር መሪ፣ የጸሎት መሪ ይታየናል። እንግሊዝኛው ቃል ግን ለአምስት ሰው የቤት ሥራ ቡድንም ያገለግላል፤ እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «አምቢሽን» የሚሉትን ደግሞ እንይ። እነሱ ዘንድ ምስጋና ነው፤ ወደ አማርኛ ስናመጣው ሥልጣን ፈላጊነት ወይም የማይጠግብ ምኞት ይሆንብናል። ጓደኞቻችን እነዚህን ቃላት የሚያጠኑት ከመጽሐፍና ከናሙና መልስ ላይ ነው። ቃሉን ያውቁታል፤ ሲጠሩት ግን የማንም ፊት አይመጣባቸውም። ሰው ደግሞ የማንም ፊት በማይመጣበት ቃል ሲናገር መዋሸት ይቀለዋል። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ቃሉ ስለማይቆነጥጠው ነው።

በመካከላችን ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን «በቃል አጥንቶ መሄድ ማጭበርበር ነው፤ ሰው የመጣለትን ይናገር» አለ። ይህ ሐሳብ መልካም ይመስላል፤ ሊናገር የሚችለው ግን የመጣለት ነገር በእንግሊዝኛ የሚመጣለት ሰው ብቻ ነው። ለእኛ መጀመሪያ የሚመጣልን ዝምታ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማራችሁ ይሉናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንደዚያ ይላል፤ መጽሐፎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ አንዱን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያነብና «ምን ማለት መሰላችሁ» ብሎ በአማርኛ ያስረዳን ነበር፤ ያስረዳንም እንዲገባን ብሎ ነው፤ አንቀየመውም። በዚህ መንገድ አድጎ ሳይዘጋጅ ግባ የሚሉት ልጅ እጁን ታስሮ እንዲዋኝ የተላከ ነው።

ደግሞስ በሰው ቋንቋ መፈተንን ለወሎ ሰው አዲስ ነገር ማን አደረገው? በየጁ የዳና ደረሳ ኪታቡን የሚቀራው በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ዳዊት የሚደግመው፣ ዜማ የሚያወርደው በግዕዝ ነው፤ ግዕዝን በአፍ መፍቻነት የሚናገር ሰው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። እነዚህ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ ሲያነበንቡ «ውሸታሞች» ያላቸው የለም። በቃል መያዝ እኛ ዘንድ ክብር ያለው ሥራ ነው።

ይሁንና የቤተ ክህነቱ ትምህርት ራሱ አንድ ልዩነት ያስተምረናል። ዳዊት በቃል ይደገማል፤ ቅኔ ግን አይደገምም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በየዕለቱ አዲስ አድርጎ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ያፍራል፤ የትናንቱን ቢመልስም እንደዚያው። ታዲያ ይህ ተማሪ ሳይዘጋጅ ነው የሚመጣው? አይደለም፤ ግሱን ወርዷል፣ አገባቡን አውቋል፣ ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረጅሞቹ ወጥቷል። የሚያጠናው የሚቆረጥበትን ቢላዋ ነው፤ ቁራጩን አያጠናም። እኛም ጓደኞቻችንን የመከርናቸው ይህንኑ ነው። መልሱን እንደ ዳዊት አትያዙት፤ እንደ ቅኔ ያዙት። ታሪካችሁን እወቁት፤ ለእያንዳንዱ ታሪክ የሚያስፈልጉትን አሥርና አሥራ አምስት ቃላት አጥሩ፤ መጀመሪያ በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ልመዱ፤ ከዚያ አስረዝሙት። ዐረፍተ ነገሩን ግን እዚያው ሥሩት። ተሰባብሮ ይወጣ ይሆናል። ይውጣ! በቃል የተያዘ መልስ ጠያቂው በመሀል «ቆይ፣ ለምን?» ሲል እንደ ገደል ይቆማል፤ የተሰባበረው ግን መንገዱን ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የሠፈሩን ቅሬ መዝገብ ሁለት ዓመት ያህል የያዘ ልጅ ነው። ቅሬ ስንል የሌላው አገር ሰው እድር የሚለው መሆኑን ለእንግዳ አንባቢ እናስታውቃለን። «የመራኸውን ሥራ ንገረን» ስንለው ያጠናውን አወረደው፤ በእንግሊዝኛ። ሲተረጎም «የማኅበረሰብ የፋይናንስ ተቋም መርቼ፣ የአሠራር ለውጥ አምጥቼ፣ ግልጽነትን አሰፈንሁ» ነው። ጥሩ ነው አልን። ቀጥለን አንድ ነገር ለመንነው። «ይህንኑ በአማርኛ፣ የቅሬው ሰብሳቢ ጋሼ እዚህ ተቀምጠው እንደሚሰሙህ አድርገህ ንገረን።» ልጁ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ቀላ። ጥቂት ቆይቶ «እኔማ ምን መራሁ፤ ጻፍሁላቸው እንጂ» አለ።

ከመካከላችን ግማሹ ፈራጅ ሆነ፦ «አየህ! እንግሊዝኛው ውሸት ነበር፤ እውነቱ አማርኛው ነው።» እኛ ግን በዚህ አልረጋንም። ስለ መዝገቡ እየደጋገምን ጠየቅነው። ነገሩ ሲገለጥ ልጁ የድሮውን ደብተር ሲገለብጥ ገንዘብ ተበድረው ያልመለሱ ሰዎች እንዳሉ አገኘ። ከነሱ ውስጥ የሚያከብራቸው ሰው ነበሩበት። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣ። በኋላ በስብሰባ መሀል ተነሥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ደብተሩን አነበበው። ገንዘቡን ያስመለሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ያለ እሱ ንባብ ግን አይመለስም ነበር። እንግዲህ «ጻፍሁላቸው» የሚለው እውነት ነው? እሱም እኮ ውሸት ነው! የትሕትና ውሸት። ይሉኝታ የሸፈነው። እንግሊዝኛው ልጁን አሳበጠው፤ አማርኛው ሰወረው። እውነተኛው ልጅ በሁለቱ መሀል ቁሞ ነበር፤ አንዱን ቋንቋ ብቻ ይዘን ብንሄድ ኖሮ አናገኘውም ነበር።

በመጨረሻ የተስማማንበት መልስ ይህ ነው፦ «መዝገቡን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ጉድለቱን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ የቆየሁትም የተናገርሁትም እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን ያስመለሱት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው።» ይህን በእንግሊዝኛ ለመናገር አራት ቀላል ግሶች ይበቃሉ። የቅሬው ሰብሳቢ ቢሰሙትም አይስቁም። «ግልጽነትን አሰፈንሁ» የሚለውን ግን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እግዜር ያውቃል።

እዚህ ላይ «እኔ» እና «እኛ» ስለሚባሉት ሁለት ቃላት አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የእኛ አገር ልጆች በቃለ መጠይቅ ላይ «እኛ ሠራን፣ እኛ አደረግን» ይላሉ፤ ጠያቂውም «አንተስ? አንተ ራስህ ምን ሠራህ?» እያለ ሰውየውን በጭጋግ ውስጥ ይፈልጋል። ይህን ጽሑፍ ራሱ «እኛ» እያልን ነው የጻፍነው፤ ልማዱ አይለቅም። ደቦና ወንፈል ባለበት አገር «አጨድሁ» ከማለት «አጨድን» ማለት ይቀናል። ይህ ጠባይ ነውር አይደለም። ነገር ግን «እኛ» አንዳንዴ ለመደበቂያም እንደሚያገለግል ያ የቅሬ መዝገብ ይመሰክራል፤ ተበዳሪዎቹም ያን ሁሉ ዓመት የተደበቁት «እኛ» በሚለው ውስጥ ነበርና።

ከሁሉ የከበደብን ግን ሌላ ጥያቄ ነው። «ያሸነፍኸውን ችግር ንገረን» ይላሉ። የወሎ ልጅ ይህን ሲጠየቅ ምን ይላል? ወሎ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ የገነነው በረኀብ ነው። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ግቢው ውስጥ አሳይተው ተማሪው ተነሣ። በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ደግሞ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ቢቢሲ ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የእኛው ዘመን ነው፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያና ዙሪያዋ በጦርነት ውስጥ አለፉ። እያንዳንዳችን ከዚያ ወራት የሚነገር ነገር አለን። ለማልቀስ ሦስት ደቂቃ የሚበቃ፣ መርማሪውን ዝም የሚያሰኝ ነገር።

ይነገር ወይስ አይነገር? አንድ አሠልጣኝ ለአንዱ ጓደኛችን «ይህ ወርቅህ ነው፤ ተጠቀምበት» ብሎታል አሉ። ቃሉ ዘገነነን። እነዚያ የ1965 መምህራን ፎቶግራፉን ያሳዩት ዝም ያለውን መንግሥት ለማናገር ነበር፤ ለራሳቸው የትምህርት ዕድል አልለመኑበትም። የእኛ ጓደኛ የአያቱን ሞት ሲናገር አያቱ ምን ያገኛሉ? ሐዘን የአንድ ሰው ንብረት አይደለምና ሌሎቹን ባለቤቶች ሳይጠይቁ ገበያ ማውጣት ትክክል አይመስለንም፤ ሟች ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። በሌላ በኩል አትናገሩ ማለትም አያስኬድም። የደረሰበትን ሁሉ ሰውሮ ኮስታራ ነጋዴ መስሎ የሚቀርብ ልጅ የሕይወቱን ግማሽ ቆርጦ ጥሎ ነው የሚቀርበው። በክርክራችን የደረስንበት ድንበር ይህ ነው፦ የደረሰብህን ለመንገር ከሆነ ተወው፤ በዚያ መሀል ያደረግኸውን ለመንገር ከሆነ ግን ተናገር። በነዚያ ወራት ዱቄት ሲያከፋፍል የነበረ ልጅ ስለ ዱቄቱ ይናገር፤ ስንት ኩንታል እንደነበረ፣ ማን ቀድሞ እንደተሰጠው፣ ማን እንደተከፋ። እንባው ከመጣ በራሱ ጊዜ ይምጣ። ከዚህ ድንበር ጋር ያልተስማሙ ጓደኞች አሉን፤ «ሀብታሙ አባቱን ሲጠቀምበት እኔ ሐዘኔን ለምን አልጠቀምበትም?» ይላሉ። መልስ ሰጠናቸው፤ ግን መልሳችን እኛንም ሙሉ በሙሉ አላጠገበንም።

አሁን ደግሞ ስለ ፍርዱ እንናገር። በሰው ቋንቋ መመዘናችን በደል ነው ወይስ አይደለም? ብዙዎቻችን በደል ነው ብለን ለመጮኽ እንቸኩላለን። ረጋ ብለን ስናየው፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ መፈለጉ በደል አይደለም። በነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርቱ የሚካሄደው ተማሪዎቹ በአንድ የድርጅት ታሪክ ላይ በመከራከር ነው፤ ዝም ያለ ተማሪ ራሱም አይማርም፣ ሌላውንም አያስተምርም። በደሉ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው፤ የዘገየ አፍን የዘገየ አእምሮ አድርጎ መቁጠር ላይ። ኢንሲያድ ለብዙ ዓመታት ተማሪው ሲመረቅ ሦስት ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር። እዚያ አሜሪካዊውም በሰው ቋንቋ መንተባተብን ሳይቀምስ አይወጣም ነበር ማለት ነው፤ የተንተባተበ ሰው ደግሞ በተንተባታቢ ላይ ሲፈርድ እጁ ይከብደዋል።

በዚህ ነገር ሐራ ራሷ ትምህርት ቤት ሆናልናለች። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መሥመር በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ መጣ፤ ከሐራ ወደ መቀሌ ያለውን ደግሞ ቻይናዎች ያዙት። እንግሊዝኛ ቱርኩን፣ ቻይናውንና ወሎዬውን አገናኘ። የማናቸውም ቋንቋ አልነበረም። ሁሉም ይሰብረው ነበር፤ ብረቱ ግን ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ለኢንተርቪው የሚንቀጠቀጥ ጓደኛችን ሁሉ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነበር፤ እንግሊዝኛን የሰበረ ሰው ሁሉ ሥራ አልሰበረም።

ግን፣ ወገን፣ ጣታችንን ወደ እንግሊዝኛ ስንቀስር ሌሎቹ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ እንይ። ሐራ ከቆላው ከአፋር ጋር የምትገበያይ ከተማ ናት። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ሲመጣ አማርኛ ይሰብራል፤ ሴቱን ወንድ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ እኛም እንስቃለን። ስቀንም አናበቃም፤ ዋጋ እናታልለዋለን። ቢሮ ሲገባ ጸሐፊዋ «ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ወደ ጎረቤቷ ትዞራለች። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ ብሎ ከደነገገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ ስንት አፋር፣ ስንት ኦሮሞ፣ ስንት አገው በአማርኛ ዳኛ ፊት ቆሞ የነበረውን እውነት ሳያወጣ ተመልሷል? በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛንም ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች ተርታ ለማስገባት አሰበ፤ ይሁን እንጂ የጸሐፊዋን ፊት ፖሊሲ አይለውጠውም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ከዚህ በፊት በመርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጠን አናውቅም ብለን መማል አንችልም። ሃርቫርድ አንደበታችንን ሳይሆን ሐሳባችንን እንዲያይ የምንለምን ከሆነ፣ ልመናውን ከሐራ ገበያ ብንጀምረው ቅሬታችን አፍ ይኖረዋል።

ጥቂት ትንንሽ ነገሮች፣ በችኮላ። ለታላቅ ሰው አክብሮት ብለን ዐይናችንን ወደ መሬት እንጥላለን፤ ፈረንጁ ግን የደበቅነው ነገር ያለ ይመስለዋል። አየር ወደ ውስጥ ስበን «እህ» ስንል እሺ ማለታችን ነው፤ እሱ የደነገጥን ይመስለዋል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ ዐይን ቀና ማድረግ ማንነትን መሸጥ አይደለም። ጥያቄው ካልተሰማ «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ማለት አያሳፍርም፤ ያልሰሙትን መመለስ ነው የሚያሳፍረው። ስለ ኢንተርኔት ደግሞ ምን እንበል? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ቀጠሮውን ለመያዝ ከክልሉ የወጣ ሰው እናውቃለን። ለዚያ ልጅ ቃለ መጠይቁ የተጀመረው አውቶቡስ ተራ ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን ያን ክፍል አልሰሙም።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀርቷል። «ስትጨርስ ምን ልትሠራ ነው?» ለዚህ ሁሉም ያው አንድ መልስ አለው፦ አገሬ ተመልሼ ወገኔን አገለግላለሁ። በእንግሊዝኛ ሲባል እንዴት ደስ ይላል! ስለ መመለስ ስናስብ አንድ የወሎ ታሪክ ትዝ ይለናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር አንድ ሕፃን አገኘና ወደ ህንድ ወሰደው። ልጁ በእንግሊዝኛ አድጎ ሐኪም ሆነ፤ ከዐድዋ ድል በኋላ አገሩ ሲመለስ አማርኛ አልነበረውም። ዘመዶቹ በሰውነቱ ላይ በነበረ ጠባሳ እንደለዩት ይነገራል። ይህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ በኋላ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሁኖ ስለ አገሩ የተሟገተው። እንግሊዝኛው ፍጹም ነበር፤ የቤቱን ቃለ መጠይቅ ግን ያለፈው በጠባሳ ነው።

ያን የቅሬ ጓደኛችንንም ይህን የመመለስ ጥያቄ ጠየቅነው። በእንግሊዝኛ ቀጥ አድርጎ መለሰ፤ የሐራን ባቡር ጣቢያ፣ የደረቅ ወደብና የእህል መጋዘን ሐሳቡን፣ ሁሉንም። የሚታረም ስሕተት አልነበረበትም። ከዚያ እንደ ልማዳችን «አሁን በአማርኛ፤ እናትህ ቡና እያፈሉ እንደሚሰሙህ አድርገህ» አልነው። ዝም አለ። ጠበቅነው። «ይቺን ለነገ አሳድሩልኝ» አለና ደብተሩን አጠፈ። ቃለ መጠይቁ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሌሎቹ መልሶቹ ሁሉ ተዘጋጅተዋል።